ሙያና ምግባር፤ ስለ ድረ ገጽ ሠሪው ወጣትና ስለ እንጀራው



በዘመናችን በየቤቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። «ልጃችን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ያነጋል፤ ሙያህ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቀው ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር ነኝ ይለናል። ለመሆኑ ይህ ሙያ እንጀራ ያበላልን? ወይስ የጊዜ ማሳለፊያ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠያቂዎቹ ግን በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ኮምፒዩተር የነካ ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ በዶላር የሚከፈለው ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጁ ጣቱን ከማንቀሳቀስ በቀር የሚሠራው ቁም ነገር ያለ አይመስለውም። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸውና፣ ሙያው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚለመድ፣ ሥራውም በምን መንገድ እንደሚገኝ በቅደም ተከተል እንናገራለን።

ሀ. ሙያው ምን እንደ ሆነ

የድረ ገጽን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ገጹ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ኤች.ቲ.ኤም.ኤል ይባላል፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው እያለ የነገሩን ማንነት ይናገራል። ሁለተኛው ሲ.ኤስ.ኤስ ነው፤ የመጀመሪያው ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና የኅዳጉን ስፋት ይወስናል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያ ቅርጹን በዐሥር ቀን ውስጥ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ገጹ ለሚነካው ጣት መልስ እንዲሰጥ ያደርገዋል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊመስለን አይገባም። የብራና ቁም ጸሐፊ ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ መስመሩን ያሰምራል፣ ኅዳጉን ይለያል፤ የአምላክንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በምዕራፉ ራስ ላይም ሐረግ ይስላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንባቢው ቦታው እንዳይጠፋውና ዐይኑ እንዳይደክም ነው። ድረ ገጽ ሠሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ብራናው ብርሃን መሆኑና ስፋቱ በእያንዳንዱ አንባቢ ስልክ ልክ መለዋወጡ ነው።

በቤትም ምሳሌ ብንናገር፣ እንግዳ የሚቀበለው እልፍኝ አለ፤ ወጡ የሚሠራበት ማጀትም አለ። ገንዘብ በስልክ ስንልክ የምናየው ገጽ እልፍኙ ነው፤ ሒሳቡን የሚጽፈውና የሚጠብቀው ክፍል ማጀቱ ነው። ፍሮንት ኤንድ የሚባለው የእልፍኙ ሠራተኛ ነው። እልፍኙ የተዝረከረከ እንደ ሆነ የማጀቱን ሙያ ማንም አያመሰግንም።

ለ. የትምህርቱ ቅደም ተከተል

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት አይደግምም፤ ንባብ ያላጠና ወደ ዜማ ቤት፣ ቋንቋውን ያላወቀ ወደ ቅኔ ነጠቃ አይሄድም። የዛሬ ወጣቶች ትልቁ ጉድለት ይህን ሥርዐት መዝለል ነው። ሦስቱን መሠረታውያን ቋንቋዎች ሳያጠና ሪአክት ወደሚባለው መሣሪያ የሚሮጥ ብዙ ነው።

መሣሪያዎቹ ግን አላፊዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኩዌሪ መጣ፤ በዘመኑም ያለ እርሱ ሥራ የሚገኝ አይመስልም ነበር። በ2010 አንጉላር ጄኤስ ተከተለ፤ የድጋፉ ዘመን በ2021 መጨረሻ አበቃ። በ2013 ሪአክት፣ በ2014 ቪዩ ለሕዝብ ቀረቡ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል፣ ሲ.ኤስ.ኤስና ጃቫስክሪፕት ከነ እድገታቸው ጸንተው ኖሩ። ስለዚህ መሠረቱን ያጠና ወጣት አዲሱን መሣሪያ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፤ መሣሪያውን ብቻ የያዘ ግን መሣሪያው ሲያልፍ እንደ ገና ጀማሪ ይሆናል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ሦስቱን ቋንቋዎች፤ ቀጥሎ የሥራን ታሪክ የሚመዘግበውንና ከባልንጀራ ጋር ለመሥራት የሚያስችለውን ጊት፤ ከዚያ በኋላ ታይፕስክሪፕትንና ከመሣሪያዎቹ አንዱን ብቻ ይማር። ለዚህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። ሞዚላ የሚያዘጋጀው ኤም.ዲ.ኤን የተባለው መዝገብና እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ፍሪ ኮድ ካምፕ ያለ ክፍያ ያስተምራሉ። በአገራችንም መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መሠረታዊውን የፕሮግራም ትምህርት በነጻ አቅርቧል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነውና፣ ግእዝ ለቅኔ ተማሪ እንደሚያስፈልገው ሁሉ እንግሊዝኛ ማንበብ ለዚህ ሙያ ተማሪ ያስፈልገዋል።

ሐ. የገበያው እውነት

እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። የዚህ ሙያ ገበያ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ ነበረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሜታ 11,000 ያህል፣ በጥር 2023 ደግሞ ጉግል 12,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። በዚያው በ2022 መጨረሻ ቻት ጂ.ፒ.ቲ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ኮድ የሚጽፉ መሣሪያዎች በየቢሮው ገቡ። ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ቀላል ሥራ ዛሬ በከፊል በመሣሪያ ይሠራል። ስለዚህ የጀማሪው በር ጠብቧል።

ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። መሣሪያው የጻፈውን መርምሮ «ይህ ስሕተት ነው፤ ይህ ዐይነ ስውሩን ይከለክላል፤ ይህ በደካማ ስልክ አይከፈትም» ለማለት የሚችል ሰው ይፈለጋል። ይህን የሚለው ግን መሠረቱን ያወቀ ብቻ ነው። መሣሪያውን የሚጠቀም ወጣት በስሙ የሚያቀርበውን እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ይቻለው። ማስረዳት የማይችለውን ሥራ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በቃለ መጠይቅም ቀን ይጋለጣል።

መ. ምስክር ወረቀት ወይስ የሚታይ ሥራ?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። በዚህ ሙያ ጥምጥሙ የምስክር ወረቀት ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ተሠርቶ የሚታየው ገጽ ነው። አሰሪው ዐሥር የምስክር ወረቀት ከማየት ይልቅ የተፈጸሙ ሦስት ሥራዎችን ማየት ይወዳል። የተፈጸሙ ያልነው በከንቱ አይደለም፤ በስልክም በኮምፒዩተርም በደኅና የሚከፈት፣ ስሕተቱ የታረመ፣ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደ ተሠራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያለው ማለት ነው።

ሁሉም የሚሠራውን የአየር ጠባይ ገጽ ደግሞ ከማቅረብ ይልቅ ከቤታችን ጓዳ የሚወጣ ሥራ ይሻላል። ለምሳሌ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ ገጽ ቢሠራ፣ ባሕረ ሐሳብ የታወቀ ሥርዐት ያለው ስሌት ነውና ለመልመጃ እጅግ ይመቻል። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ከ2018 ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ዐበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድም ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ስለሚሆን ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 4 ይተርፋልና ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ጥንቁቁ ወጣት በዚህ አያበቃም። የ2017 ዓ.ም. መጥቅዕ 29፣ ተውሳኩ 4 ነበርና ድምሩ 33 ሆኖ ከ30 ያልፋል፤ ስለዚህ ነነዌ ወደ የካቲት 3 ተሻገረች፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ወንበሩ አልቦ፣ መጥቅዑም 30 ነበር። ቸኩሎ የተሠራ ገጽ በእነዚህ ዓመታት ይሳሳታል። እነዚህን አስቀድሞ ፈትኖ፣ ፈተናውንም ከሥራው ጋር አያይዞ ያቀረበ ወጣት ስለ ጥንቃቄው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። አሰሪው ስለ አጽዋማት ምንም ባያውቅ እንኳ የስሌቱን ሥርዐትና የፈተናውን ብልሃት ያስተውላል።

ደግሞም የገዛ ፊደላችን ራሱ የሙያ መስክ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ርእስን ከአንቀጽ የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው። ለላቲን የተለካ የመስመር ርቀትም ለእኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ይጠብባል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ለአገር ባንኮች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለጋዜጦች የሚጠቅም ነው።

ዐይነ ስውራንንም አንርሳ። በጉባኤ ቤቶቻችን ዐይናቸው ሳያይ መጻሕፍትን በልባቸው ይዘው ያስተማሩ መምህራን መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ገጽን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ርእሱ ርእስ ተብሎ ካልተመዘገበና ሥዕሉ በቃል ካልተገለጸ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል። ይህን ማስተካከል ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ የሥራ በርም ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ በዚያ ገበያ የሚነግዱ ብዙ ድርጅቶች ገጾቻቸውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ይህን ጥበብ የተማረ ወጣት ከብዙ እኩዮቹ ተለይቶ ይታያል።

ሠ. ስለ ማመልከቻና ስለ ቃለ መጠይቅ

አንዱን ማመልከቻ ለመቶ ድርጅት የሚበትን ወጣት፣ ዘሩን በድንጋይ ላይ እንደሚዘራ ነው። በሳምንት አምስት ድርጅቶችን መርጦ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ መርምሮ ቢጽፍ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ ይበቃል።

«ያወጣችሁትን የሥራ ማስታወቂያ ተመልክቼ ይህን ጽፌያለሁ። የድርጅታችሁን ገጽ በስልኬ ከፍቼ ስመለከት፣ የመመዝገቢያው ቅጽ በአማርኛ ሲሞላ ፊደሉ ከሳጥኑ ወጥቶ እንደሚቆረጥ አስተዋልሁ። መፍትሔ ይሆናል ያልሁትን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። ከዚህ ቀደም የፈጸምኋቸው ሦስት ሥራዎችም ከዚህ በታች ይገኛሉ። ብትጠሩኝ ቀርቤ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ። ከአክብሮት ጋር።»

በዚህ ደብዳቤ ልመናም ትምክሕትም የለበትም። ጸሐፊው ማስተዋሉን በሥራ አሳየ እንጂ «ታታሪ ነኝ፣ ትጉህ ነኝ» እያለ ራሱን አላመሰገነም።

ለቃለ መጠይቅ በተጠራ ጊዜ ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ጥያቄ ሲሰጠው ዝም ብሎ ወደ መጻፍ አይቸኩል፤ ጥያቄውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገር፣ የጎደለውንም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሚያስበውን ድምፁን አሰምቶ ያስብ፤ ጠያቂው መልሱን ብቻ ሳይሆን የአሳቡን መንገድ ሊያይ ይወዳል። ሦስተኛ፣ የማያውቀውን «ይህን አላውቅም፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ፈልጌ አገኘዋለሁ» ይበል። ባለመቀጠሩም ቢሆን ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቅና በደብተሩ ይጻፍ፤ የተነገረው ጉድለት የሚቀጥለው ወር ትምህርቱ ነው።

የተቀጠረም እንደ ሆነ ውሉን ሳያነብ አይፈርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ዓመት በሙከራ ስም ያለ በቂ ደመወዝ መሥራት መማር ሳይሆን መበዝበዝ ነው። ለግለሰብ ደንበኛ በኮንትራት የሚሠራም ቢሆን፣ የሥራውን ወሰን ጽፎ፣ የዋጋውን ከፊል አስቀድሞ ተቀብሎ ይጀምር። ከዘመድም ጋር ቢሆን ውል ፍቅርን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም።

ረ. ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ክፍል በተለይ አስተውሉ። በኮምፒዩተር ሥራ ስም ወጣቶችን ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚወስዱ አታላዮች አሉ። «በታይላንድ ከፍተኛ ደመወዝ፣ ትኬትና ማደሪያ በነጻ» ይላሉ፤ ወጣቱ ከደረሰ በኋላ ግን ድንበር አሻግረው ወደ ሚያንማር ያስገቡታል፤ ፓስፖርቱን ነጥቀው በኢንተርኔት ሰውን እንዲያጭበረብር ያስገድዱታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከእንደዚህ ካሉ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ የእናት ልጆች የሄዱት ሥራ ፍለጋ ነበር።

ምልክቱን ዕወቁ። ሥራህን አሳየኝ ሳይል ወዲያው የሚቀጥር፣ የድርጅቱ ስምና አድራሻ የማይታወቅ፣ በሥራ ቪዛ ፈንታ በጎብኚ ቪዛ ሂድ የሚል፣ ወይም ለመቀጠር ገንዘብ ክፈል የሚል ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። እውነተኛ አሰሪ ሙያውን ይፈትናል፤ አታላይ ግን ችግሩን ብቻ ይፈትናል። ስለዚህ ልጃችሁ የሥራ ጥሪ ሲመጣለት ደስታውን ለብቻው እንዲሸከም አትተዉት፤ ጥሪውን አብራችሁ አንብቡ።

ሰ. ከተቀጠሩ በኋላ ስለ ማደግ

የዚህ ሙያ እድገት በዓመት ብዛት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጀማሪ የታዘዘውን ይሠራል፤ መካከለኛው ያልታዘዘውን ጉድለት አይቶ ያርማል፤ ዋነኛው ደግሞ ምን መሠራት እንዳለበትና ምን መተው እንዳለበት ይፈርዳል፣ ታናናሾቹንም ያቀናል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር በየዓመቱ አንድ ነገር በጥልቀት መማር ይጠቅማል፤ አንድ ዓመት የገጽን ፍጥነት፣ አንድ ዓመት ተደራሽነትን፣ አንድ ዓመት የፈተናን ሥራ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ያወቀውንም ለሌላ ያስተምር። በቅኔ ቤት ዘርፈኛው ለጀማሪው እንደሚያስቀጽል ሁሉ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አምስት ወጣቶችን ሰብስቦ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያስተምር የራሱ እውቀት ይጸናለታል። ሴት ልጆቻችሁንም ከዚህ ጉባኤ አታስቀሩ፤ ይህ ሙያ የሚጠይቀው የክንድን ጉልበት ሳይሆን ማስተዋልን ነው።

ከዚህም ጋር ሥራው ለነፍስ ጊዜ እንዳያሳጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ይሁን እንጂ መርፌው ከስብከቱ አላስቀረውም። ሰንበትን ለቅዳሴ፣ ማታውን ለቤተ ሰብ ለመስጠት የወሰነ ሰው በቀሪው ጊዜ አእምሮው ንጹሕ ሆኖ ይሠራል። ሌሊቱን ሁሉ የሚያነጋ ግን ሲነጋ የጻፈውን ሲያርም ይውላል።

ወላጆችም የበኩላችሁ አለባችሁ። ልጁ በትጋት የሚማር ከሆነ አንድ ጠረጴዛ፣ ጸጥ ያለ ሰዓትና የተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ አንድ ዓመት፣ ስጡት። ዘወትር «ስንት ብር አገኘህ?» ከማለት ይልቅ በወር አንድ ቀን «ምን ሠራህ? እስቲ አሳየን» በሉት። ገጹን በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ያልገባችሁን ንገሩት። የእናቱ ጣት የሳተችው ቁልፍ ቢኖር ጉድለቱ የቁልፉ እንጂ የእናቱ አይደለም፤ ልጁም ከዚህ የሚማረው ትምህርት በገንዘብ የማይገዛ ነው። ዓመቱ ሲፈጸም ደግሞ የሚታይ ሥራ ከሌለ፣ ሳትቈጡና ሳትሸፋፍኑ ሌላ መንገድ አብራችሁ ምከሩ።

መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ ሁላችን እናስታውሳለን። ልጆቻችን የተሰጣቸውን እንዲነግዱበት የሚያበረታታቸውና አካሄዳቸውን የሚመረምርላቸው ቤት ያስፈልጋቸዋል።

አምላከ አበው የልጆቻችንን ዐይነ ልቡና ያብራልን፤ የእጃቸውንም ሥራ ይባርክልን። በሚመጣው ወር በሰላም ያገናኘን። አሜን።